ስለ ሊኩርጉስ ጽዋና ስለ ሮማውያን የብርጭቆ ጥበብ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በለንደን ሙዚየም የሚገኝ የሮማውያን የብርጭቆ ጽዋ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። መብራቱ ከፊት ሲሆን አረንጓዴ፣ ከጀርባው ሲሆን ደግሞ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ተራኪው ሮማውያን ከ1600 ዓመታት በፊት ናኖቴክኖሎጂ ያውቁ ነበር ይላል። እውነት ነው ወይ? ካልሆነስ እንዴት ሠሩት? ብርጭቆ በዚያ ዘመን የነገሥታት ብቻ ዕቃ ነበር? ወደ እኛ አካባቢስ ደርሶ ያውቃል?»

ውድ ጠያቂ፣

ጽዋው በእርግጥ አለ፤ ቀለሙም ቪዲዮው እንዳሳየው ይለወጣል፤ የለውጡ ምክንያት በብርጭቆው ውስጥ የተበተኑ እጅግ ጥቃቅን የብርና የወርቅ ቅንጣቶች መሆናቸውም በላቦራቶሪ ምርመራ ተረጋግጧል። እስከዚህ ድረስ ተራኪው ትክክል ነው። «ናኖቴክኖሎጂ (በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን አውቆ የመቆጣጠር ጥበብ) ያውቁ ነበር» የሚለው ድምዳሜ ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ይሄዳል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ አነጋገር በአጋጣሚም ሊገኝ የሚችለውን ነገር ለጥንቶቹ ባለሙያዎች እንደ ክብር እየሰጠ፣ በእጃቸውና በዓይናቸው የሠሩትን፣ በአጋጣሚ ከቶ ሊገኝ የማይችለውን ሥራ የሚሸፍንባቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ስለ ብርጭቆው አሠራር እናገራለሁ፤ ወደ ቀለሙ የምመለሰው ጽዋው በስንት ሙያተኛ እጅ እንዳለፈ ከታየ በኋላ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል። የሊኩርጉስ ጽዋ ይባላል፤ የተሠራው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ብሪቲሽ ሙዚየም በ1958 ከሮትሽልድ ቤተሰብ ገዝቶታል። ቁመቱ 16 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የአፉ ስፋት ደግሞ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በአፉ ዙሪያና በእግሩ ላይ የሚታየው የብረት ሥራ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ስለሆነ ከሮማውያኑ ሥራ ጋር መቆጠር የለበትም። ስሙን ያገኘው በዙሪያው ከተቀረጸው ታሪክ ነው። በጥንቱ ተረት መሠረት የትራቄ ንጉሥ ሊኩርጉስ የወይን አምላክ የሚባለውን ዲዮኒሶስንና ተከታዮቹን ያሳድዳል፤ ከተከታዮቹ አንዷ የሆነችውን አምብሮሲያን ሊገድል ሲል እርሷ ወደ ወይን ሐረግ ትለወጣለች፤ ሐረጉም ንጉሡን ጠፍሮ ይይዘዋል። በጽዋው ላይ ንጉሡ ከሐረጉ ጋር ሲታገል፣ አምብሮሲያ ከእግሩ ሥር ወድቃ፣ ዲዮኒሶስም ከነብሩ ጋር ቆሞ ይታያሉ። እነዚህ ምስሎች በጽዋው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ አይደሉም። ጽዋውና ምስሎቹ አንድ ወጥ ብርጭቆ ናቸው፤ ሆኖም አብዛኛው የምስሎቹ ክፍል ከግድግዳው ተነጥሎ፣ በስተጀርባ በተተዉ ትናንሽ የብርጭቆ ድልድዮች ብቻ ተይዞ ቆሟል። ይህን እንዴት ማድረግ እንደተቻለ ለመረዳት ብርጭቆው ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሮማውያን ዘመን ጥሬ ብርጭቆ ማቅለጥና የብርጭቆ ዕቃ መሥራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚካሄዱትም በተለያዩ አገሮች ነበር። የብርጭቆ ዋነኛ ንጥረ ነገር አሸዋ ነው፤ ነገር ግን ንጹሕ አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ ከ1700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ስለሚጠይቅ የዘመኑ የእንጨት እቶን ሊያቀልጠው አይችልም ነበር። የማቅለጫውን ሙቀት የሚያወርደው ናትሮን የተባለው ጨው ሲሆን የሚሰበሰበውም በግብፅ ከዋዲ ናትሩን ሐይቆች ነበር። አሸዋና ናትሮን ብቻቸውን የሚሰጡት ብርጭቆ ደግሞ ውኃ የሚያሟሟው ደካማ ነገር ነው፤ የሚያጸናው ኖራ ነው። የሮማ ዘመን አቅላጮች ኖራ ለብቻው መጨመር እንደሚያስፈልግ ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለንም። የሚጠቀሙበት የሶርያና የፍልስጥኤም ባሕር ዳርቻ አሸዋ በውስጡ የተፈጨ የቀንድ አውጣና የዛጎል ስብርባሪ ስለነበረው ኖራውን አሸዋው ራሱ ይዞት ይመጣ ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒዩስ በአካ አቅራቢያ ስለሚፈሰው ስለ ቤሉስ ወንዝ ሲጽፍ ለብርጭቆ የሚሆነው አሸዋ የሚገኝበት ዳርቻ ከ500 የሮማውያን እርምጃ እንደማይበልጥ፣ ይሁን እንጂ ያ ጠባብ ቦታ ለብዙ መቶ ዓመታት ብርጭቆ ሲያስገኝ እንደኖረ ይናገራል። ይህን ነጥብ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ እነዚህ ሰዎች የትኛው አሸዋ መልካም ብርጭቆ እንደሚሰጥ በትውልዶች ልምድ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደሚሰጥ ግን አያውቁም ነበር። ስለ ቀለሙ ስንነጋገርም ይኸው ልዩነት ይመጣል።

የማቅለጡ ሥራ የሚካሄደው በግብፅና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ባሉ ታላላቅ እቶኖች ውስጥ ነበር። እቶኑ ከእሳቱ በኋላ ይቀዘቅዝና ከውስጡ አንድ ትልቅ የብርጭቆ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚመስል ነገር ይገኛል፤ ይህም ተፈልጦ በክብደት ይሸጣል። በዛሬይቱ እስራኤል ቤት ሸዓሪም በተባለ ስፍራ የተገኘው አንድ ጠፍጣፋ፣ ዕድሜው ከሮማውያን ዘመን የሚያንስ ቢሆንም በዚያው ልማድ የተሠራ ሲሆን ክብደቱ 9 ቶን ያህል ነው። የተፈለጠው ጥሬ ብርጭቆ በመርከብ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በ200 ዓ.ም. አካባቢ በደቡብ ፈረንሳይ ቱሎን አጠገብ፣ በኤምቢዬ ደሴት ዳርቻ የሰጠመች መርከብ ከ15 ቶን በላይ ጥሬ ብርጭቆ ጭና ነበር። በጣሊያን፣ በጎል (በዛሬይቱ ፈረንሳይ) ወይም በራይን ወንዝ ዳር የሚሠራ ባለሙያ አሸዋ አያቀልጥም፤ ከምሥራቅ የመጣውን ቁራጭ በትንሽ እቶን ያለሰልሳል፤ ከዚያ ዕቃ ያወጣለታል።

የዋጋውን ሁኔታ የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ታሪካችን ስሙን ከምንሰማው ከዲዮቅልጥያኖስ ነው። ይህ ንጉሠ ነገሥት በ301 ባወጣው የዋጋ ጣሪያ አዋጅ ላይ የእስክንድርያ ብርጭቆ አንዱ ሊብራ፣ ማለትም 327 ግራም ገደማ፣ 24 ዲናር፣ አረንጓዴ ቀመስ የሆነው የይሁዳ ብርጭቆ ደግሞ 13 ዲናር እንዲሸጥ ተደንግጓል። ከእስክንድርያው ብርጭቆ የተሠሩ ጌጥ የሌላቸው ጽዋዎችና ዕቃዎች በሊብራ 30 ዲናር፣ ከይሁዳው የተሠሩት 20 ዲናር ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው ከጥራት ነው። በአሸዋ ውስጥ ያለው ብረት ብርጭቆውን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀመስ ያደርገዋል፤ ያን ቀለም ለማጥፋት ባለሙያዎቹ አንቲሞኒ ወይም ማንጋኒዝ የተባሉትን ማዕድናት ይጨምሩ ነበር፤ ከግብፅ የሚመጣው በአንቲሞኒ የነጣ ብርጭቆ እንደ ጠራ ውኃ ስለሚሆን ብልጫ ነበረው። ከዚህ አዋጅ ሌላም ነገር ይነበባል፤ ተራው ጽዋ ከጥሬ ብርጭቆው ዋጋ እምብዛም የራቀ አልነበረም፤ የሠሪው የእጅ ዋጋ በሊብራ ከ6 እስከ 7 ዲናር ብቻ ነው።

ይህ የሆነው በመንፋት ምክንያት ነው። ብርጭቆን በቱቦ እየነፉ መቅረጽ እስኪጀመር ድረስ የብርጭቆ ዕቃ የሚሠራው በሸክላ መሰል እምብርት ዙሪያ የቀለጠውን ብርጭቆ በመጠቅለል፣ ወይም በቅርጽ ላይ በማለስለስ፣ ወይም ኅብረ ቀለማት ያሏቸውን የብርጭቆ ዘንጎች ቆራርጦ ጎን ለጎን በማጋጠም ነበር። ሁሉም አዝጋሚ ሥራዎች ናቸው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ናሕማን አቪጋድ በ1970ዎቹ በኢየሩሳሌም የአይሁድ ሰፈር ባካሄዱት ቁፋሮ በአንድ የመታጠቢያ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ የብርጭቆ ሠሪ ቆሻሻ ተገኘ፤ በውስጡም አንድ ጫፋቸው የተነፋ የብርጭቆ ቱቦዎች ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ 50 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለሚደርስ የመንፋት ጥበብ ሲጀመር የሚያሳዩ ቀደምት ማስረጃዎች ሆነዋል። ጥበቡ ከዚያ በፍጥነት ተስፋፋ። ከሁለት ትውልድ በኋላ የጻፈው የጂኦግራፊ ሊቅ ስትራቦ በሮም ከተማ የብርጭቆ ሳሕንና መጠጫ በአንድ የመዳብ ሳንቲም ይገዛ እንደነበር ይመሰክራል። እንግዲህ ብርጭቆ የነገሥታት ብቻ ዕቃ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ አይደለም ነው፤ ከ1ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሽቶ ጠርሙሱ፣ የዘይት መያዣው፣ የመስኮት ጠፍጣፋው፣ የተቃጠለ አስከሬን አመድ ማኖሪያው ሳይቀር ከብርጭቆ ይሠራ ነበር።

በቅርጽ ውስጥ በመንፋት ካሸበረቁት መካከል በስሙ የምናውቀው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ኤንዮን ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የሠራ ሲሆን ከሲዶና ጋር የተያያዘ ነው፤ በዕቃዎቹ ላይ በግሪክኛ «ኤንዮን ሠራኝ» እና «ገዢው ይታወስ» የሚሉ ጽሑፎች አሉ። የሮማውያን ሠሪዎች አብዛኞቹ ስም የለሽ ሆነው ባለፉበት ዓለም ውስጥ ይህ ሰው ስሙንና ለማያውቀው ገዢ ያለውን መልካም ምኞት በአንድ ዕቃ ላይ አኑሮ መሄዱን ሁልጊዜ በአድናቆት አስበዋለሁ።

ስብርባሪው እንኳ አይጣልም ነበር። ባለቅኔው ማርቲያሊስ በሮም ጎዳናዎች እየዞረ በተሰበረ ብርጭቆ ምትክ የድኝ ክብሪት የሚሰጥ ሰው እንደነበር ይጠቅሳል፤ በከተሞቻችን «ቆራሌው!» እያለ እንደሚዞረው ሰው ማለት ነው። ይህ ስብርባሪ ወደ እቶን ይመለሳል፤ ሲመለስም በላዩ ላይ የነበረውን ሁሉ፣ ቀለሙንም፣ የወርቅ ቅቡንም ይዞ ይመለሳል። ይህንንም በኋላ እናነሣዋለን።

አሁን ወደ ውዱ ሥራ እንምጣ። ርካሹን ብርጭቆ የወለደው መንፋት ከሆነ፣ የሊኩርጉስን ጽዋ ያስገኘው ከመንፋት በኋላ የሚመጣው የመቁረጥ ሥራ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ፣ በኮባልት የተቀለመ ጥልቅ ሰማያዊ ብርጭቆ በነጭ ብርጭቆ ተሸፍኖ፣ ከዚያም ነጩ እየተሞረደ ምስል የሚወጣበት አሠራር ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ዝነኛው በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የፖርትላንድ ማሰሮ ሲሆን በ1845 አንድ ጎብኚ ከሰባበረው በኋላ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል። በፖምፔይ በ1837 የተገኘውና ዛሬ በኔፕልስ የሚታየው ሰማያዊ ማሰሮም የዚያው ዓይነት ነው። ችግሩ መሞረዱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ብርጭቆዎች ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተኮማተሩ ዕቃው ገና ከእቶኑ እንደወጣ ይሰነጠቃል። ይህን ማስማማት የቻለ ባለሙያ የብርጭቆን ጠባይ በሚገባ የተረዳ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይሆን በተበላሸ ዕቃ ብዛት የሚገኝ ነው።

በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የመረብ ጽዋ የምንለው ዓይነት ብቅ አለ፤ በውስጥ ለስላሳ ጽዋ፣ በውጭ ደግሞ በትናንሽ ድልድዮች የተያዘ የብርጭቆ መረብ ያለው ነው። በሚላን የሚገኘው፣ በኖቫራ አቅራቢያ በ1675 የተገኘው የትሪቩልዚዮ ጽዋ ከመረቡ በላይ «ጠጣ፤ ለብዙ ዓመታት ኑር» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለው፤ ፊደሎቹም እንደ መረቡ ከግድግዳው ተነጥለው የቆሙ ናቸው። በኮሎኝ ከተማ በ1960 የተገኘው ሌላው ጽዋ ተመሳሳይ ምኞት በግሪክኛ ይዟል። ከእነዚህ ጽዋዎች ሁሉ ሙሉ ሆኖ የቀረ፣ በመረብ ምትክ የሰዎችና የአማልክት ምስል ያለው የሊኩርጉስ ጽዋ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ እንደነበር አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። በመጀመሪያ ብርጭቆ ሠሪው ግድግዳው ወፍራም የሆነ ጽዋ ያዘጋጃል። ያ ጽዋ በእቶን አጠገብ ቀስ በቀስ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ በችኮላ ከቀዘቀዘ በውስጡ የማይታይ ውጥረት ይቀራል፤ ቆራጩ መሣሪያውን ባሳረፈበት ቅጽበት ይፈነዳል። ከዚያ ቆራጩ በሚሽከረከር ትንሽ የብረት ጎማና እንደ ናክሶስ ደሴት ድንጋይ ባለ ጠንካራ የድንጋይ ዱቄት ከውጭ ወደ ውስጥ ይሞርዳል፤ በመጨረሻም መሣሪያውን ከምስሉ ጀርባ አሾልኮ፣ ድልድዮቹን ብቻ እየተወ፣ ምስሉን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ሮዘማሪ ሊርከ ጽዋዎቹ ከመቆረጥ ይልቅ በቅርጽ ተጭነው የተሠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እኔ ግን በድልድዮቹ ዙሪያ የቀሩት የመሞረጃ ጭረቶች የሚያሳምኑኝ ወደ መቁረጡ ነው፤ ጀርመናዊው የብርጭቆ ቆራጭ ዮሴፍ ቬልትሰልም እንዲህ ያሉ ጽዋዎችን ከወፍራም ብርጭቆ በመቁረጥ እንደገና ሠርተው መቻሉን በተግባር አሳይተዋል።

የዚህን ሥራ አደገኛነት የሮማ ሕግ ሳይቀር ያውቀው ነበር። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው የሕግ ሊቅ ኡልፒያኖስ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ጽዋ እንዲቆረጥለት ሰጥቶ ቢሰበርበት ምን እንደሚፈረድ ይመረምራል። ባለሙያው በችሎታ ማነስ ከሰበረው ይጠየቃል፤ ጽዋው አስቀድሞ ስንጥቅ ከነበረበት ግን ይቅርታ ሊደረግለት ይችላል፤ ስለዚህም የሙያው ሰዎች ሥራውን ሲቀበሉ «ኃላፊነቱን አንወስድም» ብለው ይዋዋሉ ነበር ይላል። ከዚህ አጭር አንቀጽ ብዙ ነገር እናገኛለን። ጽዋውን የሠራውና የቆረጠው ሰው አንድ እንዳልነበሩ እናያለን፤ ስንጥቁ ከአቀዝቃዡ ስህተት፣ ስብራቱ ከቆራጩ እጅ ሊመጣ እንደሚችል ዳኛው ይረዳ ነበር። በ337 በቆስጠንጢኖስ ስም የወጣ ሕግም ይህንኑ ያጸናል። ሕጉ ከመንግሥት የግዴታ አገልግሎት ነጻ የሚሆኑ ባለሙያዎችን ሲዘረዝር ብርጭቆ ሠሪዎችንና የመረብ ጽዋ ቆራጮችን ለየብቻ ይጠቅሳቸዋል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ ሙያውን ራሳቸው ጠልቀው እንዲማሩና ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩ ጊዜ ይኑራቸው ይላል። የሊኩርጉስ ጽዋ የተሠራው ሙያ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ መንግሥት በሕግ በደገፈበት በዚያው ክፍለ ዘመን ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ። በ1990 ባርበርና ፍሪስቶን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከጽዋው የተገኘ ጥቃቅን ፍንካች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው የብርና የወርቅ ቅይጥ ቅንጣቶችን አገኙ። ስፋታቸው ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር ነው፤ የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር ከአሥር ሺህኛ እጅ አይበልጥም ማለት ነው። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ብር ከሚሊዮን 300 እጅ ገደማ፣ ወርቁ ደግሞ ከሚሊዮን 40 እጅ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያነሱ የብረት ቅንጣቶች ብርሃንን እንደ ትልቅ ብረት አይመልሱትም። በቅንጣቱ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከአንዳንድ የብርሃን ቀለማት ጋር አብረው ይወዛወዛሉ፤ ያንን ቀለም ከፊሉን ይውጡታል፣ ከፊሉንም ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይበትኑታል። መብራቱ ከፊት ሲሆን ወደ ዓይናችን የሚመለሰው የተበተነው ብርሃን ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። መብራቱ ከጀርባ ወይም ከጽዋው ውስጥ ሲሆን ደግሞ አረንጓዴው ተውጦና ተበትኖ ስለሚቀር አልፎ የሚመጣው ቀዩ ነው። የንጉሡ ገላ ባለበት አካባቢ ያለው ብርጭቆ ከሌላው ለየት ብሎ ወይን ጠጅ ቀመስ ቀለም ያሳልፋል።

ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይ? ብርንና ወርቅን በዚህ መጠን መዝኖ መጨመር ከሞላ ጎደል የማይቻል ነው። በአንድ ኪሎ ብርጭቆ ውስጥ 40 ሚሊግራም ወርቅ ማለት በጣት ጫፍ የማይጨበጥ ነገር ነው። መጠኑ ቢገኝ እንኳ ብረቱ በቅንጣት መልክ የሚወጣው የእሳቱ ኦክስጅን፣ በብርጭቆው ውስጥ ያለው አንቲሞኒና ማንጋኒዝ፣ እንዲሁም እንደገና የማሞቁ ሙቀትና ጊዜ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዱ ቢዛነፍ ቀለሙ አይመጣም። ወርቁ ከየት እንደመጣ ሲታሰብ በወርቅ ያጌጠ ስብርባሪ አብሮ መቅለጡ ወይም ከአንጥረኛ ቤት የወጣ ቆሻሻ መግባቱ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ከፍ ብዬ ያነሣሁት የስብርባሪ ንግድ ወደዚህ ያመለክታል። ቀለም ለዋጭ የሆኑ የሮማውያን ብርጭቆዎች የሚታወቁት ጥቂት ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ስብርባሪዎች ሲሆኑ ለውጣቸው እንደዚህ ጽዋ ግልጽ አይደለም። ሂደቱን በእጃቸው ያስገቡት ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰፊ ንግድ ውስጥ ደጋግመው በሠሩት ነበር። ቀይ ቀለምን ከወርቅ በአስተማማኝ መንገድ ማውጣት በአውሮፓ የተለመደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በፖትስዳም የሠራው ዮሐን ኩንከል በነበረበት ዘመን ነው።

ከዚህ ተነሥተው ግን «እንግዲያው ሁሉም አጋጣሚ ነው» ወደሚለው እንዳይሄዱ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ የጽዋውን ውስጥ ያየ ሰው ይህን ሊል አይችልም። የመረብ ጽዋዎች ውስጣቸው ለስላሳ ነው። በሊኩርጉስ ጽዋ ውስጥ ግን ዋና ዋናዎቹ ምስሎች ባሉበት ቦታ ጀርባቸው ከውስጥ በኩል ተቦርቡሯል፤ ውፍረታቸው ከሌላው ጋር እንዲቀራረብና ብርሃን ሲያልፍ ቀለሙ በሁሉም ቦታ እኩል እንዲሆን ማለት ነው። በታወቁት የዚህ ዓይነት ጽዋዎች ውስጥ ይህ አሠራር የትም አልተገኘም። ቆራጩ ብርጭቆው በውስጡ ብርሃን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አይቷል፤ ጽዋው የሚታየው መብራት በውስጡ ሲያልፍ እንደሆነ አስቦ ቆርጧል። ታሪኩን ስለመረጠም ልንናገር እንችላለን፤ የወይን አምላክ ጠላቱን በወይን ሐረግ የሚይዝበት ታሪክ ከአረንጓዴ ቅጠል ወደ ቀይ ወይን ጠጅ ለሚለወጥ ብርጭቆ ከሁሉም በላይ የተገባ ነው። ይህን አገላለጽ በተመለከተ ሁሉም ተመራማሪ ባይስማማም እኔ አሳማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ። ቀለሙ ምናልባት የተገኘ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የተገኘውን ነገር አውቆ፣ ለእርሱ የሚገባውን ታሪክ መርጦ፣ ግድግዳውን ከውስጥ ቦርቡሮ ያወጣው ግን የሰለጠነ ሰው ዓይን ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ናኖሜትርን የማያውቅ ሰው ዓይኑ ያየውን ብርሃን ጠብቆ ጽዋ ቆርጧል።

በመጨረሻ ወደ እኛ አካባቢ ስለመድረሱ ጠይቀዋል። ደርሷል፤ ለዚህም ጽሑፋዊ ምስክር አለን። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ከግብፅ በመጣ ነጋዴ የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ በዛሬይቱ ኤርትራ ወደምትገኘው ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡ ዕቃዎችን ሲዘረዝር፣ ከልብሱ፣ ከናሱ፣ ከብረቱና ከጥቂት ወይን ጠጅ ጋር ብዙ ዓይነት የብርጭቆ ጌጥና በግብፅዋ ከተማ በዲዮስፖሊስ የሚሠራውን የኅብረ ቀለም ብርጭቆ ይጠቅሳል። ከአዱሊስ በኩል የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ነበር። የአካባቢው ገዥ ዞስካሌስ ሲሆን ጸሐፊው የግሪክ ትምህርት ያለው ሰው እንደነበር ይመሰክርለታል። በአክሱም በ1970ዎቹና በ1990ዎቹ የተካሄዱት ቁፋሮዎችም ከመቃብሮች ውስጥ የብርጭቆ ዕቃዎችና ስብርባሪዎች አውጥተዋል።

ነገር ግን በአክሱም የተገኘውን ብርጭቆ ሁሉ «ከሮም የመጣ» ብሎ መጥራት ትክክል አይደለም። ከላይ እንዳልኩት ዕቃው በአንድ ቦታ፣ ጥሬ ብርጭቆው ደግሞ በሌላ ቦታ ሊሠራ ይችል ነበር። ጥሬው ከግብፅ ወይም ከሶርያ ዳርቻ መምጣቱን በአሸዋው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች መለየት ይቻላል፤ በዮርዳኖስ በጌራሳ ከተማ በተገኘ ብርጭቆ ላይ በ2020 የወጣ፣ ሃፍኒየም የተባለውን በአሸዋ ውስጥ የሚገኝ ጥቃቅን ንጥረ ነገር የመረመረ ጥናት ዲዮቅልጥያኖስ «የእስክንድርያ» ያለው ውድ ነጭ ብርጭቆ በእርግጥ ከግብፅ አሸዋ እንደተሠራ አሳይቷል። የአክሱምን ስብርባሪዎች በተመለከተ ማን ቀረጸው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ጥሬው ከየት መጣ ከሚለው ጋር አንድ ላይ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ የንጥረ ነገሩ ምርመራ ጥሬው ከየት እንደመጣ፣ የመሣሪያ ጭረቱና ቅርጹ ደግሞ ማን እንደቀረጸው ይነግሩናል።